የእህቴ ሴሎችና የእሑድ ምሳችን

በየቤቱ ሥራውን ቢሮ ትቶ መምጣት የማያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። የግብር ሠራተኛ ከሆነ ሠርግ ላይ ስለ ግብር ያወራል፤ አናጺ ከሆነ የሰው በር እየነካካ ይተቻል። ለእኛ የደረሰችን ግን የባሰባት ናት። ታላቅ እህቴ፣ ክብርት ተመራማሪ፣ የምታጠናው አንጀት ነው። የምታወራውም ምሳ ላይ።

«ተፈጥሯዊ ሊምፎይድ ሴሎች!» ትላለች፣ ማንኪያዋን እንደ ጦር ሰብቃ። ስማቸውን ስትጠራ የወለደቻቸው ነው የሚመስለው። መኖሪያቸው የአንጀት ግድግዳ ነው አሉ። ሌሎቹ የመከላከያ ሴሎች ጠላትን አጥንተው እስኪዘጋጁ ቀናት ሲፈጅባቸው፣ የእሷ ጉዶች ግድግዳው «ኧረ ድረሱልኝ!» ሲል ወዲያው ብድግ ይላሉ። የቆሰለው እንዲጠገን ያግዛሉ፤ ከደህናዎቹ ባክቴሪያዎች ጋር ደግሞ ሰላም ያወርዳሉ። «እነሱ እኮ ስልጠና አይጠብቁም!» ብላ ጠረጴዛውን ስትመታ ሾርባው ይፈሳል።

እንግዳም አታከብርም። እጮኛዬን መጀመሪያ ይዣት የመጣሁ ለት፣ ገና ወንበር ሳትይዝ «የኔ ቆንጆ፣ ሽንት ቤት በደንብ ትሄጃለሽ?» አለቻት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ!

አባባ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። ከአፋቸው «ሆዴን አመመኝ» የሚል ቃል ወጥቶ አያውቅም። እሷ ስትጀምር ሳህናቸውን ይዘው ወደ ሳሎን ይሄዳሉ።

ባለፈው እሑድ ግን አልተነሡም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እነዚያ ሴሎችሽ ሲያቅታቸው… ደም ይታያል?» አሉ።

ማንኪያዋ አየር ላይ ቀረ። «መቼ አዩ፣ አባባ?»

«ከራርሟል።»

ያን ቀን ንግግር አላደረገችም። ጎንበስ ብላ ጫማቸውን አሰረችላቸውና ሐኪም ቤት ይዛቸው ሄደች፤ እኔም ተከተልኳቸው። ሐኪሙ መርምሮ የትልቁ አንጀት ቁስለት መሆኑን ነገረን። «ቢዘገይ ኖሮ ያሰጋ ነበር፤ አሁን ግን በመድኃኒት እንይዘዋለን» አለ።

«ግን እንዴት ደፍረው ተናገሩ?» አልኳቸው አባባን፣ ስንወጣ።

«ምን ላድርግ? እቤታችን ሌላ ወሬ የለ፤ ጆሮዬ ለመደው» አሉ።

መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ወረፋ ስንጠብቅ፣ አንድ ጎልማሳ አጠገባችን ሆዱን ይዞ ያቃስታል። አባባ፣ ያ ሁሉ ዓይን አፋርነታቸው የት እንደገባ እንጃ፣ ወደ ሰውዬው ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ደም አይተሃል እንዴ? አትፈር፣ ንገራት። ያቺ መስኮቱ ጋ የምትጨቃጨቀው ተመራማሪ ናት። የእኔ ልጅ!»

«የእኔም እህት ናት» አልኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።