ሁለቱ አቶ ገብሬ

ሰው ሁሉ መጀመር ላይ አንበሳ ነው፤ መጨረስ ላይ ግን... ተዉት! እናንተም ቤት ግማሹ ብቻ ቀለም የተቀባ ግድግዳ አይጠፋም፤ አትካዱ።

እኔ ጉለሌ ውስጥ የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ነኝ። ነበርኩ ማለት ይሻላል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማኅተሙን በኪሴ ይዤ ስሄድ ሚኒስትር የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ታዲያ ዘንድሮ ክረምት የዕድሩ ዕቃ ቤት ቆርቆሮ አፈሰሰና የአባላት መዝገባችን ራሰ። እሑድ የጸሐፊ ምርጫ ስላለ ቶሎ መገልበጥ ነበረበት። ተወዳዳሪዬ ደግሞ... ወይዘሮ አሰገደች!

የዕድሩ ዳኛ፣ "አንተ ከመጀመሪያው ስም ወደ ታች፣ እሳቸው ከመጨረሻው ወደ ላይ ጻፉ፤ መሃል ላይ ትገናኛላችሁ" አሉን። ገጾቹን በስልክ ፎቶ አነሳንና በየቤታችን ገባን።

ሕክምና የምትማረው የእህቴ ልጅ ሳምራዊት ስጽፍ አይታኝ ሳቀች።

"ጋሼ፣ ልክ እንደ ሴል ናችሁ እኮ!"

"ስድብ ነው?"

"ሴል ለሁለት ከመከፈሉ በፊት ዲኤንኤውን ይገለብጣል። ገልባጮቹ ከተለያየ ቦታ ተነስተው ፊት ለፊት ይገናኛሉ። ከዚያ ቆመው ከዲኤንኤው ላይ መውረድ፣ መጋጠሚያውም መያያዝ አለበት። አለበለዚያ የተገለበጠው ድጋሚ ሊገለበጥ ይችላል። እናንተ ስትገናኙ ማነው የሚቆመው?"

"ወይዘሮ አሰገደች ይቁሙ! ጸሐፊው እኔ ነኝ!"

ለካ እሳቸውም ቤታቸው ሆነው መሃለኛው ስም ላይ ሲደርሱ "እሱ ይቁም" ብለዋል።

እሑድ የሁለታችን ጽሑፍ አንድ ላይ ተጠርዞ ስም ጥሪ ተጀመረ።

"አቶ ገብሬ!" አሉ ዳኛው።

"አለሁ!" አሉ አቶ ገብሬ፣ ሽሮ ሜዳ ሸማ የሚሸጡት ነገረኛ ሽማግሌ።

"አቶ ገብሬ!"

"አለሁ አላልኩም እንዴ?"

"እዚህ ሌላ አቶ ገብሬ አሉ።"

"እንግዲያው እሱም አለ!"

ምርጫው ደረሰ። ለእኔ አሥራ ዘጠኝ እጅ ወጣ። ለወይዘሮ አሰገደችም አሥራ ዘጠኝ። እኩል ነን ብዬ ልተነፍስ ስል፣ አንድ እጃቸውን ለእሳቸው ያወጡት አቶ ገብሬ ሁለተኛውንም ሰቀሉት!

"አንድ ሰው አንድ እጅ!" ብዬ ጮህኩ።

"ልጄ፣ ሁለት ሰው ነኝ ብላችሁ የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ።"

"እኔ የጻፍኩት አንዱን ብቻ ነው!"

"አንተ የጻፍከው ገብሬማ የእጅ ጽሑፍህን አይቶ ነው እሷን የመረጠው!"

ዳኛው ደንቡን ገለጡ። "በመዝገቡ የሰፈረ ሁሉ ድምፅ አለው" ይላል። ደንቡን ያረቀቀው ማን መሰላችሁ? እኔው! ማኅተሙን ከኪሴ አውጥቼ አስረከብኩ።

አዲሷ ጸሐፊ ሥራቸውን የጀመሩት ትርፉን አቶ ገብሬ በመሰረዝ ነው። ሁለቱንም ስሞች መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ መረመሩ... መረመሩና እኔ የጻፍኩትን ሰረዙት።