አረቄ የጠጣችው ሞተር

ከሰው አፍ የሰማውን ሁሉ ሳይመረምር የሚውጥ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የኔውማ አማች ሊሆነኝ ነበር። ሴት ልጄን ለትዳር ሊጠይቀኝ ከላንቴ አርባ ምንጭ ድረስ በሞተር ሳይክል መጣ። መጠጥ በማይገባበት ቤቴ ደጃፍ ላይ ሞተሯ ጠፍታ ቆመች፤ ሰፈሩም አረቄ አረቄ ሸተተ።

«ጋሼ፣ እኔ አልጠጣሁም፤ የጠጣችው ሞተሯ ናት!» አለኝ። «በውጭ አገር ቤንዚን ከአልኮል ጋር ይቀላቅላሉ አሉ። ቤንዚን ይቆጥባል፣ ጭስም ይቀንሳል።»

«እነሱ የሚቀላቅሉት ውሃ የሌለበትን ነው። ያንተ አረቄ ግን ግማሹ ውሃ ነው፣ ልጄ!»

ከመጽሐፍ በተማርኩት ሙያ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር ራሴ ፈታሁት። ከሥሩ ውሃ ተጠራቅሟል። እውነቱን ነበር፤ ጠጪ አይደለም። ልጄን ግን አልሰጠሁትም። ጠጪስ ሲነጋ ስካሩ ይበርድለታል፤ የሰማውን ሁሉ የሚጨልጥ ሰው መቼ ሊበርድለት ነው?