አቶ እሸቴ በቆቦ ፀሐይ ላይ ዘምተው ዳስ እንደ ጣሉ

ስምዑ ወለብዉ! ዓለም በተፈጠረ በሰባት ሺህ አራት መቶ ሰባ አራት፣ በዘመነ ማርቆስ ወንጌላዊ፣ አብዮት በፈነዳ በስምንተኛው፣ መሠረተ ትምህርት በታወጀ በሦስተኛው፣ የአቶ እሸቴም የስፌት መኪና ፔዳሏ ተሰብሮ በሽቦ በታሰረች በሁለተኛው ዓመት፣ በወርኃ ግንቦት፣ መርፌያቸው የማይዝግ፣ ሜትራቸው የማይዋሽ፣ የቆቦ ልብስ ሰፊዎች አውራ፣ በቀበሌ መዝገብ ጓድ፣ በገበያ ጋሼ የሚባሉት አቶ እሸቴ ወልደ ሚካኤል በፀሐይ ላይ ዘመቱ። ይህን ዜና የጻፍሁት እኔ የቀበሌው ቃለ ጉባኤ ያዥ ገብረ ማርያም ነኝ። በልጅነቴ የቆሎ ተማሪ ነበርሁና «ስብሰባው ተጀመረ፣ ስብሰባው ተፈጸመ» ብቻ እየጻፍሁ መኖሬ ብዕሬን አሳዝኗት ነበር፤ ለእርሷ የሚመጥን ሥራ ያገኘሁት ገና አሁን ነው።

የዘመቻው ምክንያት ይህ ነው። የግንቦት ፀሐይ በቆቦ ምሕረት አታውቅም። የአቶ እሸቴ ቤት አንዲት ክፍል ናት፣ ክዳኗም ቆርቆሮ ነው፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ ውስጧ ዳቦ ይቀመጥ እንደሆነ እንጂ ሰው አይቀመጥም። ስለዚህ ባለቤታቸው ወይዘሮ አስረሳሽ፣ ገጸ ብሩህ፣ ምላሰ ስል፣ በርጩማቸውን ይዘው የቤቱን ጥላ ሲከተሉ ይውሉ ነበር፤ ጠዋት በምዕራቡ ግድግዳ፣ ከሰዓት በኋላ በምሥራቁ ግድግዳ፤ ቀትር ላይ ግን ጥላው ግድግዳው ሥር ገብቶ ይጠፋልና በርጩማቸውን ራሳቸው ላይ ደፍተው ይቆሙ ነበር። እንዲህ ሲሆኑ ሃያ ዓመት ታገሡ። በሃያ አንደኛው፣ የሚጠየቅ አራስ ሮቢት ቢኖርባቸው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ከደጅ ቆመው እንዲህ የሚል አዋጅ አወጁ፦

«ስማ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! እኔ አስረሳሽ የአጎቴን ልጅ ልጠይቅ ሮቢት እሄዳለሁ። በአራተኛው ቀን በኮረሙ አውቶቡስ እመጣለሁ፤ ሹፌሩም እዚህ ለምሳ ይቆማል። እሱ ምሳውን እስኪጨርስ ግቢዬን አያለሁ። እግሬን ዘርግቼ የምቀመጥበት ጥላ ካገኘሁ እሰየው፤ ካጣሁ በዚያው አውቶቡስ እህቴ ዘንድ ኮረም ወጥቼ ከብርዱ ጋር እከርማለሁ። ከመስቀል በፊት እንዳትጠብቁኝ!»

ይህን አዋጅ የሰማ ሕዝብ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እርሱም ባላቸው ነው።

አቶ እሸቴም ታላቅ ፍርሃት ፈሩ። ሽሮ ማሳረር እንጂ ማብሰል አይችሉምና፣ ይልቁንም የአስረሳሽን ቁጣ ሳይሰሙ አንድ ሳምንት ኖረው አያውቁምና። አቶ እሸቴ ሚስታቸውን እንደሚወዱ እኔ አውቃለሁ፣ ሰፈሩም ያውቃል፤ ያልተነገራቸው ወይዘሮ አስረሳሽ ብቻ ነበሩ።

ወእምዝ በመጀመሪያው ቀን ጠመኔያቸውንና ሜትራቸውን ይዘው ወደ ግቢው ወጡ። አንድ ጊዜ ወልድያ አንድ ሆቴል በረንዳ ላይ ለስላሳ ጠጥተው ነበርና ያ በረንዳ በልባቸው ተስሎ ቀርቶ ነበር። ነፋሱ ከወዴት እንደሚመጣ ክር አንጠልጥለው አዩ፤ ፀሐይዋ በየት ገብታ በየት እንደምትወጣ በየሰዓቱ መሬቱ ላይ እያሰመሩ እንደ ካፖርት ግቢውን ቆረጡት። የተከተላቸውም ሠራዊት ይህ ነው፦ ጭቃ በማቡካት ከጎብዬ እስከ ዋጃ አቻ የሌለው ግንበኛው እንድሪስ፤ የግራር እንጨት የጫኑ ሁለት አህዮች፤ ከአምና የተረፈ ሠላሳ ሸክም የማሽላ አገዳ፤ ማንም ሳይጠራት መጥታ እርጥቡ ጭቃ ላይ እግሯን ያተመች አንዲት ዶሮ፤ እኔም፣ ገመድ ያዥ ተብዬ ጫማዬ እበት የነካው።

በሁለተኛው ቀን በሦስት ወገን መደብ ተሠራ። እንድሪስ የመደቡ ቁመት ስንት ይሁን ብሎ ቢጠይቅ፣ አቶ እሸቴ መዝገብ ሳይገልጡ የአስረሳሽን ቁመት ከጉልበት እስከ ተረከዝ በቃላቸው ተናገሩ፤ እንድሪስም ወደ ጭቃው አቀርቅሮ ሳቁን ዋጠ። በሦስተኛው ቀን ግራሩ ቆመ፣ አገዳው ተከደነ፤ ወደ ምዕራብ በኩል የማታዋን ፀሐይ እንዲመክት ድርብ ሆነ፣ ወደ ምሥራቅ በኩል ለነፋሱ ክፍት ተተወ። ትራስና መከዳ ከካኪ ቅዳጅ ተሰፋ፣ ጠርዙም ለአብዮት በዓል መፈክር ከተቆረጠው ቀይ ጨርቅ በተረፈ ተዘመዘመ፤ ስለ ቀዩ ጨርቅ ከዚህ በላይ ባልጽፍ ይሻላል። በአራተኛው ቀን ማለዳ እንድሪስ ውሃ የሚያቀዘቅዝ እንስራ ሊገዛ ዋጃ ወረደ፤ አቶ እሸቴም ብቻቸውን ቀርተው የመጨረሻውን ሚስማር ሲመቱ አውራ ጣታቸውን መቱት።

ውድቀት የመጣው ከዚህ ነው። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሀጀራ፣ ዓይናቸው ከአጥር በላይ የሆነ፣ በዚያች ሰዓት ብቅ አሉ። ያዩትም ይህ ነው፦ አስረሳሽ ሮቢት እንደ ሄዱ ሦስት ቀን አልታዩም፤ ግቢው ውስጥ ዳስ ተጥሏል፤ ባልየው ዳሱ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እንባውን ያፈስሳል። በእኛ አገር ደግሞ ዳስ የሚጣለው ለሠርግ ነው ወይም ለሞት ነው፤ ተቀምጦ ነፋስ ሊቀበል ዳስ የጣለ ሰው ከአቶ እሸቴ በፊት አልታየም። ሐዘንተኛን ማን ሞተብህ ብሎ መጠየቅም ነውር ነው። ወይዘሮ ሀጀራ ነውር አይወዱምና ሳይጠይቁ፣ ኢናሊላሂ እያሉ፣ በቀጥታ ወደ ቅሬው ለፋፊ ሮጡ። ለፋፊውም ቀባሪና አስተዛዛኝ የሆነውን ቅሬ ሁሉ እንዲህ ብሎ ጠራ፦

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ወይዘሮ አስረሳሽ ሮቢት ላይ አርፈዋልና ክርስቲያኑም እስላሙም ወደ ልብስ ሰፊው ቤት ውጣ! የቀረ ይቀጣል!»

ሕዝቡም ወጣ። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶች ዱላቸውን ተመርኩዘው፣ የቅሬው ዳኛ አባ አስፋው ከፊት ሆነው፣ ከኋላቸው ንፍሮ የተሸከሙ፣ ከእነዚያም ኋላ ስብሰባ በትኜ የመጣሁ እኔ። «ወየው አስረሳሽ!» እያልን በበሩ ስንገባ አቶ እሸቴ ደነገጡ። መርዶ ሊያረዱኝ መጡ፣ ሚስቴ ሮቢት ላይ ሞታለች ብለው አሰቡና ከመደቡ ወደ መሬት ወደቁ። እኛም መውደቃቸውን አይተን እርግጥ ነው ብለን ድምፃችንን ጨመርን። እኛ ከእርሳቸው ሰምተናል አልን፤ እርሳቸው ከእኛ ሰሙ፤ የጠየቀ ግን አንድም አልነበረም። ወኮነ ዐቢይ ብካይ። እንድሪስም ከዋጃ ሲመለስ ይህን ሰምቶ እንስራውን ከትከሻው ለቀቀው። አልቃሽዋም እንዲህ ብላ አወረደች፦

ጥላ ፍለጋ ስትዞር ኖራ፣
ሄደች አስረሳሽ ጥላው ሲሠራ።

ይህን ጊዜ አቶ እሸቴ ተነሡ፤ ሃያ አንድ ዓመት ያልተናገሩትን በሕዝብ ፊት እንዲህ ብለው አወጁ፦

«አስረሳሽ ሆይ! የአገሩን ሁሉ ልብስ ስሰፋ ልኩን የማልረሳው ያንቺን ብቻ ነበር! ቆጣ ስትዪ ቤቱ ቤት ይመስለኝ ነበር! ይኸው ጥላሽን ሠራሁ፤ ምነው አንድ ቀን እንኳ ሳትቀመጪበት!»

በዚህ ያላለቀሰ የለም። ነገር ግን እውነት መጻፍ ግዴታዬ ነውና፣ ከአልቃሾቹ መካከል አንዳንዶቹ መከዳውን ደገፍ፣ እግራቸውን ዘርጋ እያሉ፣ ነፋሱም በምሥራቅ በኩል ሽው ሲል ልቅሷቸው ቀዝቀዝ ማለቱን አይቻለሁ። እኔም ከእነርሱ አንዱ ነበርሁ።

አውቶቡሱ ያን ጊዜ ከሮቢት ደርሶ ቆሞ ነበር። ወይዘሮ አስረሳሽ ጓዛቸውን ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ትተው ግቢያቸውን ሊያዩ ሲመጡ ዳስ አዩ፣ ሕዝብ አዩ፣ የባላቸውን የልቅሶ ድምፅ ግን ከሕዝቡ ድምፅ አልለዩም። ሃያ አንድ ዓመት የነዘነዙት ባል ትዝ አላቸው። ነጠላቸውን ጥለው «ወየው እሸቴ! ወየው ጥላዬ! ጥላው ይቅርብኝ፣ አንተ ተመለስልኝ!» እያሉ ደረታቸውን እየደቁ በበሩ ገቡ።

ልቅሶው እንደ ተቆረጠ ክር ቀጥ አለ። ወይዘሮ ሀጀራ በአጥሩ ላይ ወደ ቤታቸው ተሻገሩ፤ አጥሩ ግን አብሯቸው ሄደ። ሟች ሟችን አየ፤ አልቃሽ አልቃሽን አየ። አቶ እሸቴ አባ አስፋውን በትሕትና ከመካከለኛው መከዳ ላይ አስነሥተው፣ አቧራውን በእጃቸው ጠርገው ቦታውን አሳዩ። ወይዘሮ አስረሳሽም ዳሱን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱ፣ ቀይዋን ጠርዝ ዳሰሱ፣ ተቀመጡ። ሹፌሩ ምሳውን ጨርሶ ክላክስ ነፋ። አልተነሡም። ሁለተኛ ነፋ፤ አልተነሡም። አውቶቡሱ ጓዛቸውን ተሸክሞ ብቻውን ወደ ኮረም ወጣ።

አባ አስፋው ግን ሕግ አዋቂ ናቸውና ቆመው እንዲህ አወጁ፦ «ቅሬ ከተጠራ ሦስት ቀን ይቀመጣል። ሟች መመለሷ ደንቡን አይሽርም። ንፍሮውም ተቀቅሏል!» ሕዝቡም በአንድ ቃል አጸደቀ፤ በቃለ ጉባኤም ሰፈረ። ሦስት ቀን ሙሉ ቆቦ በዚያ ዳስ ተቀምጦ ተጫወተ፤ ወይዘሮ አስረሳሽም በመካከል ሆነው የራሳቸውን ለቅሶ ተቀበሉ፣ ማን አሳምሮ እንዳለቀሰላቸው፣ ማንስ በደረቅ ዓይን እንደ ጮኸ እየጠየቁ። ለባለ ዳሱ ግን መቀመጫ አልተረፈም፤ ሦስቱንም ቀን ያችን የሸሿትን ፀሐይ እየሞቁ ከበሩ ቆመው እንግዳ አስተናገዱ፣ ጥርሳቸውም አልተከደነም።

ኦ እሸቴ፣ ወራሴ ነፋስ፣ ድል ነሣኤ ቀትር፣ የመርፌ አርበኛ፣ የመዶሻ ሰማዕት! ከጎብዬ እስከ ዋጃ እንዳንተ ያለ ማን አለ? ሚስቱ ስትሞት ዳስ የሚጥል ባል በየሰፈሩ ሞልቷል፤ በሕይወት ሳለች የጣለላት ግን አንተ ብቻ ነህ። ክብርህ በራያ ሜዳ ሁሉ ይሰማ፣ ለዓለመ ዓለም፣ አሜን።