ጫማ ሰፊና ሰፊ መንገድ

መሐንዲሱ፦ ጋሼ፣ ግብዓት ነው ያልኩት! ግብዓት!

ጫማ ሰፊው፦ ሰማሁ እኮ ልጄ። ግባ ካልከኝ ገብቼ ነው ያለሁት። ሱቁ የራሴ ነው፤ ከዚህ ወዲያ ወዴት ልግባልህ?

መሐንዲሱ፦ ግባ አላልኩም! ግብዓት ማለት ሐሳብ፣ አስተያየት ማለት ነው።

ጫማ ሰፊው፦ እንዲህ በለኝ እንጂ! ሐሳብ ስትፈልግ ሐሳብ ማለት ምን አስቸገረህ?

(መሐንዲሱ የከተማዋን የሃያ አምስት ዓመት ፕላን ከሚያዘጋጀው ቢሮ የተላከ ወጣት ነው። የነዋሪውን ሐሳብ በአርባ ቅጽ ሰብስበህ ና ተብሎ፣ ሠላሳ ዘጠኙን ሞልቶ አንዲት ስትቀረው የግራ ጫማው ሶል አፉን ከፈተ። ከቀትር በኋላ ከንቲባው ባሉበት አዳራሽ ፕላኑን ያቀርባል፤ አፉን በከፈተ ጫማ መድረክ ላይ አይወጣ ነገር። እናም መንገድ ዳር ካለችው የቆርቆሮ ሱቅ ገብቶ ረጅም የካርታ ቱቦውን ከጎኑ አስደግፎ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ ካልሲ ብቻ የቀረው እግሩ ካርቶን ላይ ነው። ጫማው እስኪሰፋ አርባኛዋን ቅጽ በእኚህ ሽማግሌ ልሙላ ብሎ ነበር። ቀላል መስሎታል።)

መሐንዲሱ፦ (ጉሮሮውን ጠርጎ) ጥያቄ አንድ። እርስዎ እንደ ባለድርሻ አካል...

ጫማ ሰፊው፦ ቆይ፣ ቆይ። የቱ አካሌ ነው ባለድርሻው?

መሐንዲሱ፦ ኧረ ጋሼ፣ ሁለመናዎ!

ጫማ ሰፊው፦ ጉልበቴን ግን እንዳትቆጥረው፤ እሱ ከከዳኝ ቆይቷል። ድርሻውስ የታል?

መሐንዲሱ፦ የምን ድርሻ?

ጫማ ሰፊው፦ ባለሱቅ ሱቅ አለው፤ ባለቤት ቤት አለው፤ ባለድርሻ ብቻ ነው እንዴ ባዶ እጁን የሚቀር?

መሐንዲሱ፦ ይቅርብን፣ እንለፈው። ጥያቄ ሁለት። መሬትን ለምን አገልግሎት ነው የሚጠቀሙበት?

ጫማ ሰፊው፦ እቆምበታለሁ።

መሐንዲሱ፦ ሌላስ?

ጫማ ሰፊው፦ ሲደክመኝ እቀመጥበታለሁ። በመጨረሻ ደግሞ... እሱን እንኳ አትጻፈው፣ አልቸኮልኩም።

(መሐንዲሱ በብዕሩ ግንባሩን አከከ። ሠላሳ ዘጠኙ ሰዎች እንዲህ አላደረጉትም። ጠየቃቸው፣ «አዎ»፣ «አይ»፣ «ጥሩ ነው» አሉት፣ ፈረሙለት። አንዳቸውም እንዲህ አላላቡትም።)

መሐንዲሱ፦ ጥያቄ ሦስት። ለከተማዋ ያለዎት ራዕይ ምንድን ነው?

ጫማ ሰፊው፦ ራዕይ የምታይ አክስት ነበረችኝ። እሷም ብታይ ብታይ የጎረቤት ዶሮ ሲሰረቅ ነው የምታየው። ሌባው ማን እንደሆነ ግን አንድም ቀን ታይቷት አያውቅም።

መሐንዲሱ፦ እንዲያ ዓይነት ራዕይ አይደለም! ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ እዚሁ ቆመው ዙሪያዎን ሲመለከቱ ምን ቢያዩ ደስ ይልዎታል?

ጫማ ሰፊው፦ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ? ቆሜ? መቆሜ ራሱ ነዋ ደስ የሚለኝ!

መሐንዲሱ፦ (ጥርሱን ነክሶ) ጥያቄ አራት። የሰፈሩ የሕዝብ ጥግግት አሁን ካለው ቢጨምር ቅር ይልዎታል?

ጫማ ሰፊው፦ ጠጋ በሉ ካላችሁማ ምን ቸገረኝ። (በርጩማቸውን ጎትተው ጉልበታቸው ከመሐንዲሱ ጉልበት እስኪጋጭ ተጠጉ) በቃ? ወይስ አሁንም ይጨመር?

መሐንዲሱ፦ (ለራሱ እያጉረመረመ) እውነታቸውን ነው፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም...

ጫማ ሰፊው፦ ወረቀቱን የያዝከው አንተ ነህ ልጄ። እኔ የያዝኩት ጫማ ነው።

መሐንዲሱ፦ እሺ! አንዲት ጥያቄ ብቻ! እሷን ይመልሱልኝና ሌላውን እተወዋለሁ። እዚህ ሰፈር ሰፊ መንገድ ይፈልጋሉ?

ጫማ ሰፊው፦ ማንን?

መሐንዲሱ፦ ሰፊ መንገድ!

ጫማ ሰፊው፦ እኔ ጫማ ሰፊ ነኝ። ጃኬት ሰፊም አውቃለሁ፤ ማዶ ነው ሱቁ። መንገድ ሰፊ ግን ከተወለድኩ ሰምቼ አላውቅም። በምን ክር ነው የሚሰፋው?

መሐንዲሱ፦ መንገድ አይሰፋም! ማለቴ፣ ይሰፋል! ይሰፋል እንጂ አይሰፋም!

ጫማ ሰፊው፦ (ወስፌያቸውን አስቀምጠው በሐዘኔታ እያዩት) ፀሐይ መትቶህ ይሆን እንዴ? ውሃ ላምጣልህ?

(የመሐንዲሱ ትዕግሥት ተሟጠጠ። ከጎኑ ያስደገፈውን ረጅም ቱቦ ከፍቶ የከተማዋን ካርታ አወጣና ማስቲሹን፣ መዶሻውንና የሚስማር ጣሳውን ወደ ዳር ገፍቶ በሥራ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።)

መሐንዲሱ፦ በዓይንዎ ይዩት! ይህች ከገበያው የምትጀምረው ቀይ መስመር መንገዱ ናት። ሠላሳ ሜትር ስፋት!

ጫማ ሰፊው፦ ይህች? ክር የማታክል?

መሐንዲሱ፦ በካርታ ላይ ነዋ! መሬት ላይ ሲሆን ሠላሳ ሜትር ነው።

ጫማ ሰፊው፦ አሃ። እኛስ አሁን የት ነን?

መሐንዲሱ፦ እዚህ።

ጫማ ሰፊው፦ ከክሩ ሥር?

መሐንዲሱ፦ (ድምፁ ዝቅ ብሎ) ሱቁ... አዎ፣ መስመሩ ውስጥ ይገባል።

ጫማ ሰፊው፦ ግብዓት ያልከኝ ለካ ይኼ ነው። ከኔ ወዲያስ?

መሐንዲሱ፦ ከጀርባ ያሉት አሥራ አንድ ቤቶች። ከዚያ የክሊኒኩን አጥር ነካ አድርጎ ዋናው መንገድ ላይ ይወጣል።

ጫማ ሰፊው፦ ከአሥራ አንዱ ሦስተኛዋ የልጄ ቤት ናት። አምና ነው ጣሪያዋን የጨረሰችው። መንትዮች አሏት፤ እነሱም ሠላሳ ሜትሩ ውስጥ ናቸው?

(መሐንዲሱ ያንን መስመር በቢሮ ኮምፒውተር መቶ ጊዜ አይቶታል። ቤቶቹ ትናንሽ ግራጫ አራት ማዕዘኖች ነበሩ፤ መንትዮች ያሉበት አንድም አልነበረም።)

መሐንዲሱ፦ ካሳ አለ ጋሼ። ምትክ ቦታም አለ። ደግሞስ ምን ይደረግ? ሌላ መስመር የለም! ስድስት ወር ያጠናነው ነገር ነው። እርስዎ ካለዎት እስቲ ይሳሉት! እርሳሱ ይኸውልዎ!

(ይህን ያለው ሊያሳፍራቸው ነበር። ሽማግሌው ግን እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ፣ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ፣ ካርታውንም አዙረው እንደ ቆዳ በመዳፋቸው ደጋግመው ዳበሱት። ከዚያ ትንፋሻቸውን ይዘው ከገበያው ጀምረው አንዲት ጎባጣ መስመር ሳቡ።)

መሐንዲሱ፦ (እየሳቀ) ጋሼ፣ እዚህ ጋ የእህል መጋዘን አለ እኮ!

ጫማ ሰፊው፦ ከተዘጋ ዘጠኝ ዓመቱ። ሰው ሁሉ በመሀሉ ነው የሚያቋርጠው። የማን ሆነና? የራሳችሁ የማዘጋጃ ቤት ነው።

መሐንዲሱ፦ (ሳቁ እየቀነሰ) ይኼስ ጉብታ? እዚህ ትልቅ ጉብታ አለ።

ጫማ ሰፊው፦ ነበረ። ጡብ ሠሪዎቹ ቆፍረው ቆፍረው ጨረሱት፤ አሁን ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ካርታችሁ አርጅቷል ልጄ።

መሐንዲሱ፦ (ጭራሽ መሳቁን ትቶ) ስንት... ስንት ቤት ይፈርሳል?

ጫማ ሰፊው፦ ቤት? አንዲት የጥበቃ ዳስ ነበረች። እሷንም ባለፈው ነፋስ አፍርሶ ቀድሟችኋል።

(መሐንዲሱ በጣቱ መስመሩን ተከተለ። ከገበያው ወጣ፣ መጋዘኑን አለፈ፣ የሜዳውን ዳር ይዞ ሄደ፣ ዋናው መንገድ ላይ ካለው አውቶቡስ ማቆሚያ ደረሰ። እንደገና ተከተለ። ግራጫ አራት ማዕዘን ቢፈልግ ቢፈልግ አንድም አጣ።)

መሐንዲሱ፦ ይህን እንዴት አወቁት?

ጫማ ሰፊው፦ አርባ ዓመት ቆዳ ቆርጫለሁ። ቆዳ ውድ ነው፤ ደግሞም ቀዳዳ አያጣም። ቀዳዳውን ዞረህ፣ ደህናውን ሳትነካ ነው የምትቆርጠው። እናንተ ማስመሪያ ጣል አድርጋችሁ ቀጥ አደረጋችሁት። እንዲያ የሚቆረጥ ካርቶን ነው። በል፣ ጫማህን አጥልቅ።

(መሐንዲሱ ጫማውን ሳያስር ስልኩን አወጣ።)

መሐንዲሱ፦ ሃሎ፣ አለቃዬ! ሳልደርስ ስብሰባው እንዳይጀመር... ቀዩ መስመር የሚነሳ ይመስለኛል... ኧረ ደህና ነኝ፣ አላመመኝም! አርባኛው ቅጽ? እሱ አልተሞላም። ካርታው ነው የተሞላው... አይ፣ አማካሪ ድርጅት አይደለም፣ ነዋሪ ነው... አዎ፣ ይዣቸው እመጣለሁ፤ ራሳቸው ያስረዳሉ! (ስልኩን ዘጋና ሽማግሌውን ትኩር ብሎ ተመለከታቸው) ጋሼ፣ አንድ ነገር ግን ግራ ገባኝ።

ጫማ ሰፊው፦ (ሽርጣቸውን እየፈቱ) ምን ልጄ?

መሐንዲሱ፦ ይህን ሁሉ እያወቁ፣ ግብዓት ስልዎ ግባ፣ ራዕይ ስልዎ ዶሮ! ምን ነክቶዎት ነው?

ጫማ ሰፊው፦ እነዚያን ሠላሳ ዘጠኙን እንዴት ነበር ያስሞላሃቸው?

መሐንዲሱ፦ ጠየቅኳቸው፣ መለሱልኝ፣ አመስግኜ ሄድኩ።

ጫማ ሰፊው፦ ካርታውን አሳየሃቸው?

መሐንዲሱ፦ ምን ያደርግላቸዋል? እነሱ እኮ ወዲያው ነው የገባቸው።

ጫማ ሰፊው፦ አየህ? ወዲያው ለገባው ሰው ቅጽ ትሰጠዋለህ፤ አልገባኝም ላለህ ግን ካርታ ትዘረጋለታለህ። እኔ ደግሞ ማየት የፈለግኩት ካርታውን ነበር።