የእትዬ ዘነቡ አበባና የኔ መስኮት

«ይህማ እንጨት ነው» አሉ እትዬ ዘነቡ።

«እንጨት አይደለም እትዬ፣ ዕረፍት ላይ ነው።»

«ተክል ዕረፍት ይወጣል? መምህር ነው እንዴ?»

«በበጋ ጠባዩ እንዲህ ነው።»

«አሁን ሚያዝያ ነው። ማን ነው ልብሷን የገፈፋት?»

ወዳጆቼ፣ ይህን ነገ ጠዋት በሥነ ጽሑፍ ክበባችን ሰሌዳ ላይ ስታነቡ እንዳትገፋፉ፤ ለሁላችሁም የሚበቃ ሳቅ አለ። ዛሬ ከቀትር በኋላ በመላው ጠቅላይ ግዛት እንደኔ የቀለለ ሰው አልነበረም። ነበርኩ የሚል ካለ ይምጣና እንወዳደር።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ከሥሩ ሌላ የቀረ ነገርም የለም።

እትዬ ዘነቡ አከራዬ ናቸው። ልጃቸው ባሕር ዳር ተድራለች። ከዚያ ሞቃት አገር በጋዝ ቆርቆሮ ተክለው ያመጡት ሂቢስከስ የሚባል ቀይ አበባ አላቸው። ባሕር ዳር በየአጥሩ ይበቅላል አሉ። እዚህ ደጋው ላይ ግን እመቤት ነው። ብርድ አይወድም፣ ነፋስ አይወድም፣ ጭጋግ አይወድም። በአጭሩ ደብረ ማርቆስን አይወድም።

ክረምቱን እሳቸው ራሳቸው አስታመሙት። ዝናብ ሲበዛ ያስገቡታል፣ ፀሐይ ብልጭ ስትል ያወጡታል። ውሃ እንዳይተኛበት የቆርቆሮውን ቂጥ በምሥማር በሱለት። እኔ ከጓዳው አጠገብ ባለችው መስኮት አልባ ክፍል ጣራው ሲያፈስብኝ የሚያወጣኝም የሚያስገባኝም አልነበረም።

መስከረም ላይ አበበ። እውነት ለመናገር ያምራል። ታውቁኛላችሁ፣ ግጥም ጀመርኩለት። ለካ ይህ አበባ ጠዋት ተከፍቶ ማታ ይከደናል። ግጥሜ ቤት ሳይመታ ረገፈ።

ኅዳር ላይ የእትዬ ልጅ መውለጃዋ ደረሰና ሊያርሷት ተነሡ። ከመሄዳቸው በፊት ጠሩኝ።

«መስኮት ያለውን ክፍል ለአበባዬ ሰጥቻታለሁ» አሉ። «አንተም አብረሃት ትገባለህ። እሷ ደህና ከሆነች አንተም እዚያው ትኖራለህ።»

ኮንትራቱ ይኸው ነው።

መስኮት ምን እንደሆነ መስኮት ያላችሁ አታውቁትም። ጠዋት ጠዋት ብርሃን ወረቀቴ ላይ ሲያርፍ የጻፍኩትን ማንበብ ቻልኩ። ግማሹን ቀደድኩት። ያም እድገት ነው።

እንግዲህ ይህን መስኮት ላለማጣት የአበባ ኤክስፐርት ሆንኩ።

እኔ የይጁቤ ገበሬ ልጅ ነኝ። በሬ በጠላ አተላ ሲደልብ አይቻለሁ። አበባ በምን ይለያል? አተላ አጠጣሁት። ክፍሉ ጠላ ቤት ሸተተ። የሰፈሩ ዝንብ በሙሉ ሊጠይቀን መጣ።

ታኅሣሥ ላይ ውርጩ ሲበረታ ጋቢዬን አለበስኩት። እሱ ጋቢ ለብሶ፣ እኔ ግጥም ለብሼ አደርን። ሁለታችንም ቢጫ ሆንን።

ጉዱ የመጣው ጥር ላይ ነው።

በኛ አገር ጌሾ በየጓሮው አለ። ለጠላ ሲፈለግ ቅጠሉ ከነለጋ ቅርንጫፉ ተመልምሎ ግንዱ ራቁቱን ይቀራል። ከዚያ ተመልሶ ይፈነዳል፣ ካለፈው ይልቅ በርትቶ። ልጅ ሆኜ ስንቱን ገፍፌያለሁ! ይህም ቅጠል፣ ያም ቅጠል ብዬ ቢጫውን ገፈፍኩ። አድልዎ እንዳይሆን አረንጓዴውንም ጨመርኩ። ቅርንጫፎቹን ከረከምኩ። ስጨርስ እጄን አራግፌ ሥራዬን አደነቅሁ።

የካቲት አለፈ፣ ምንም የለም። መጋቢት አለፈ፣ ምንም የለም።

ከባሕር ዳር አውቶቡስ በመጣ ቁጥር ሹፌሩ «አበባዬ እንዴት ናት? ብለውሃል» ይለኛል። «እያበበች ነው በላቸው» እላለሁ። መስኮቴ ፊቴ ላይ ድቅን እያለ ምን ልበል?

ዛሬ ሳይነግሩኝ ከች አሉ። ብቻቸውን ቢሆኑ ምን ዕዳዬ። የባላቸውን እኅት ወይዘሮ ጥሩወርቅን፣ አበባዋን ላሳይሽ ብለው፣ ከጉንደ ወይን አስመጥተዋል።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ቆርቆሮው ጎንበስ አሉ። «ዘነቡ፣ ይህን ለማየት ነው ያን ሁሉ መንገድ የጫንሽኝ? ለምድጃ ግን ደህና ጭራሮ ይወጣዋል።»

«ማን ገፈፋት ነው የምልህ?» አሉ እትዬ።

«እኔ ነኝ። እንደ ጌሾ…»

«ጌሾ መስላህ?»

«ጌሾ አለመሆኑንስ አውቃለሁ። ጠባዩ የጌሾ መስሎኝ ነው።»

«እኔም አንተ ሰው መስለኸኝ ነው ትቼልህ የሄድኩት።»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ትከሻቸው ግን ይስቅ ነበር።

ተንበረከክሁ። አፍንጫዬን ግንዱ ላይ ለጥፌ እንደ ጠፋ መርፌ ሕይወት ፈለግሁ። ከታች፣ አፈሩ አጠገብ፣ ምስር የምታህል አረንጓዴ ነገር አየሁ።

«ይኸው፣ እትዬ! ይኸው!»

ሁለቱም ተንበረከኩ። ሦስታችን በአንድ ቆርቆሮ ዙሪያ ተደፋን።

«አለች» አሉ እትዬ ዘነቡ ድምፃቸው ቀጥኖ። «በሕይወት አለች።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ዝም የሚል ሰው ግን ምን ብሎ ገጣሚ ይሆናል?

«አላልኩም? መቼም የምሠራውን አውቃለሁ» አልኩ።

እትዬ ቀስ ብለው ቀና አሉ። «ከገፈፍካት ወዲህ ምን አደረግህላት?»

«ምንም። ተስፋ ቆርጬ ትቻት ነበር። አልፎ አልፎ ትንሽ ውሃ ብቻ።»

«ለዚህ ነዋ የዳነችው። በል፣ እሷ እዚሁ መስኮቷ ሥር ትሁን። አንተ ወደ ድሮው ክፍልህ ግባ።»

«ታዲያ ማን ይጠብቃታል?»

«መጠበቅ ያለባት ካንተ ነው።»

አስቡት፤ ቢሞት እባረር ነበር፣ ባይሞትም ተባረርኩ! ለካ ተከራይዋ እሷ ናት፣ እኔ ከዕቃዋ ጋር ነው የገባሁት። ከናንተ መካከል በአበባ ከቤት የወጣ ሰው ካለ እስኪ ይንገረኝ፣ አብረን እናልቅስ።

ፍራሼን በትከሻዬ፣ ወረቀቶቼን በብብቴ ይዤ ወጣሁ። ደጃፉ ላይ እትዬ ጠሩኝ። አዝነውልኝ መስሎኝ ፈጥኜ ዞርኩ።

«በሩን ቀስ አድርገህ ዝጋው» አሉ፤ «ብርድ እንዳይመታት።»

ቀስ አድርጌ ዘጋሁት።