የጋሼ ባሕሩ የአየር ሽጉጥ

በየሥራ ቦታው፣ ዕቃው ሲነካበት ዓይኑን የነኩት የሚመስለው አንድ ሰው አለ። ፋብሪካ ብትሠሩ መፍቻው ዘንድ ታገኙታላችሁ፤ ሆስፒታል ብታጸዱ መወልወያው ዘንድ። እኔ ሁለቱንም ሠርቼ ጨርሼ አሁን መኪና አጸዳለሁ። እዚህም ቀድመውኝ ቆይተዋል። ጋሼ ባሕሩ ይባላሉ።

የምንሠራው አሽዶድ ከተማ፣ አድ ሃሎም በሚሉት የፋብሪካ ሰፈር፣ ከመጋዘኖቹ መሃል፣ አንድ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ነው። ውጪውን ሌሎች ያጥባሉ፤ ውስጡ የእኔ ነው። ወንበር፣ ምንጣፍ፣ የበር ኪስ። ብሩሽ የማይደርስበትን የሚያወጣልኝ ከኮምፕሬሰር በሚመጣ አየር የሚሠራ መርጫ ነው። ቅርጹ ሽጉጥ ስለሚመስል በዕብራይስጥ ኤክዳህ ይሉታል፤ እኛም ሽጉጥ እንለዋለን። ቃታውን ስትስቡት አፉ ውስጥ ያለች ቀጭን ቱቦ እንደ እብድ ትሽከረከራለች፣ አየርና ሳሙና ተቀላቅለው ጨርቁ ውስጥ ይገባሉ፣ ቆሻሻው ይወጣል። ለሌላው ሰው ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል። ለክቡር የአየር ሽጉጥ ሚኒስትር፣ ለጋሼ ባሕሩ፣ ግን ገና መጀመሩ ነው።

አንድ ቀን አለቃችን ያኒቭ ሽጉጥ ሊገዛ ሦስት ናሙና ይዞ መጣ። ጋሼ ባሕሩ መነጽራቸውን አወጡ። የመጀመሪያዋን በእጃቸው መዘኗት። «ይቺ ከባድ ናት። እስከ ከሰዓት የሐረጓን ክንድ ትጥላለች።» ሐረጓ እኔ ነኝ። ሁለተኛዋን ፈተው ውስጧን አዩ።

«መለዋወጫ ቱቦ አላት?»

«የላትም» አለ ያኒቭ።

«ታዲያ ቱቦዋ ያለቀች ቀን ምን ልናደርጋት ነው፣ ልንቀብራት?»

ሦስተኛዋን ከኮምፕሬሰሩ ገጥመው ጆሮአቸው አጠገብ አደረጓትና ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ብዙ አየር ትበላለች። ያንተ ኮምፕሬሰር አይችላትም። ሁለተኛው ወንበር ላይ ትንፋሽ ያጥራታል።»

«ባሕሩ፣ ሙሽራ እየመረጥክ ነው እንዴ?»

«ሙሽራ ብትሆን ራሷ ትናገር ነበር። ይቺን ግን ማድመጥ ያስፈልጋል።»

ዕብራይስጥ አንቱ ስለሌለው ያኒቭ ላይ አልፈርድም።

«አድምጪያት።» ይህችን ቃል ዘጠኝ ዓመት ሰምቻታለሁ። ድምፅዋ ከሾለ ቱቦዋ ሳስታለች፤ ከጎረነነ ሳሙና ይዟታል፤ ከተንተፋተፈች ውሃ ገብቷታል። በአንድ ሰርግ ላይ እስክስታው ደምቆ ሳለ ጋሼ ባሕሩ አዳራሹ ጥግ ቆመው የአየር ማቀዝቀዣውን ሲያደምጡ አየኋቸው። «ማጣሪያው ታፍኗል» አሉኝ። ኬኩ ሳይቆረስ ማቀዝቀዣው ቆመ።

አሽዶድ ወደብ ናት፤ አየሯ ራሱ እርጥብ ነው፤ ኮምፕሬሰሩ ሆድ ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል። ስለዚህ ሚኒስትሩ ጠዋት ከሰፈራቸው ከሮቫ ቴት ቫቭ በመጀመሪያው አውቶቡስ መጥተው ከሥሩ ያለውን ቧንቧ ከፍተው ያፈሱታል። ሥራ ሲያልቅ ደግሞ፣ ሁላችንም ወደ ቤት ስንቸኩል፣ ሽጉጦቹ ውስጥ ንጹህ ውሃ ያሳልፋሉ፣ በባዶ አየር ያደርቋቸዋል፣ በጨርቅ ጠቅልለው ያስተኟቸዋል። ሲጠቀልሉም ለማንም ሳይሆን «እኔ ሳልኖር ማን ሊያያት ነው?» ይላሉ። በየቀኑ።

አንዴ እኔ ሳሙናዋን ሳላወጣ ተውኳት። ወገቤ ተቆርጦ ነበር፣ አውቶቡሱም ሊያመልጠኝ ነበር። በማግስቱ «ልጅሽን ፊቱን ሳታጥቢ ታስተኚዋለሽ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ልጄ እኮ ጻቫውን ጨርሷል። ወታደር ሆኖ መሣሪያ ተሸክሞ የኖረ ሰው ነው፣ ራሱን ያጥባል።»

«ይቺ ግን ራሷን አታጥብም» ብለውኝ ሄዱ።

ከፋሲካ በፊት ባለው ሳምንት የአሽዶድ ሰው ሁሉ መኪናው ውስጥ ሐሜጽ፣ በበዓሉ የተከለከለው እርሾ የነካው ምግብ፣ እንዳለ ትዝ ይለዋል። የዳቦ ፍርፋሪው፣ የልጆቹ ብስኩት፣ ወንበር ሥር የደረቀው ቦሬካስ፣ ሁሉም በዓሉ ሳይገባ መውጣት አለበት። ዘንድሮ በዚያው ሳምንት መግቢያ ያኒቭ ጋሼ ባሕሩን ጠራቸው። «ስልሳ ሰባት ሞላህ፣ ጡረታህ ደርሷል። ሳምንቱን ዕረፍት ውሰድ፣ ከበዓል በኋላ እንነጋገራለን።» እንነጋገራለን ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሆስፒታሉም እንነጋገራለን ብሎኝ ነበር።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ያኒቭ «ዕቃ ሲያጥብ የሚውል ሰው አያስፈልገኝም። እስቲ ያለ እሱ እንየው» አለኝ። ሥራ ስንጨርስም «ሽጉጡን ጣሉትና ሂዱ» አለን። ጣልነውና ሄድን።

በሦስተኛው ቀን አንዷ ሽጉጥ ውሃ ትተፋ ጀመር፤ ሌላዋ ጭራሽ ዝም አለች። የመኪናው ሰልፍ አስፋልቱ ድረስ ደርሷል። ያኒቭ ዝም ያለችውን ጠረጴዛ ላይ ሁለት ጊዜ ደበደባትና ደንበኛ ሊያረጋጋ ወጣ። እኔ ወደ ጓዳ ወሰድኳት። ጆሮዬ ላይ አድርጌ ቃታዋን ሳብኩ። ዓይኔን መጨፈኔን ያወቅኩት በኋላ ነው። አፏን ፈታሁት። ሳሙናው ቱቦዋ ላይ እንደ ኖራ ደርቋል። መድኃኒቷ ሙቅ ውሃ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ አሥር ደቂቃ ነው። ለሌላዋ የኮምፕሬሰሩን ውሃ ማፍሰስ ብቻ። ሁሉንም አውቀዋለሁ።

«ሐረጓ፣ ታውቂበታለሽ እንዴ?»

ያኒቭ በሩ ላይ ቆሟል። ፊቱ ፈካ። ለምን እንደፈካ ገባኝ። አውቃለሁ ካልኩ፣ ከበዓል በኋላ የሚነጋገሩት ነገር ዛሬውኑ አለቀ።

ቱቦዋን ከነደረቀ ሳሙናዋ፣ የላስቲክ ቀለበቷንም መልሼ አፏን ዘጋሁ።

«እኔ ከስድስተኛ ክፍል የወጣሁ ሴት ነኝ፣ ያኒቭ። ማሽን በምን አውቃለሁ? ባሕሩን ጥራ።»

አለመማሬ ለአንድ ነገር ሲጠቅም ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጋሼ ባሕሩ የሰንበት ሸሚዛቸውን ለብሰው መጡ። ማንንም ሰላም ሳይሉ ቀጥታ ወደ ኮምፕሬሰሩ ሄደው ቧንቧውን ከፈቱ፤ ውሃው ወለሉን ሞላው። ከዚያ ሽጉጧን ይዘው ጓዳ ገቡ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሰልፉ መንቀሳቀስ ጀመረ።

«ባሕሩ፣ ነገ ጠዋት ትመጣለህ አይደል?» አለ ያኒቭ።

«ከበዓል በኋላ እንነጋገራለን አላልክም?»

«ተነጋገርን እኮ» አለ ያኒቭ፣ ወደ መኪናዎቹ እያየ።

ትንሽ ቆይተው ወደ እኔ መጡ። መዳፋቸው ላይ አንዲት የላስቲክ ቀለበት አለች።

«ይቺን ገልብጦ የገጠማት ማነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

እኔን አዩ። ያኒቭን አዩ። አማርኛ ባይሰማም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ከንፈሯ ወደ ውስጥ ነው የሚዞረው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ምን ስታዪ ነው የኖርሽው?»

በምሳ ሰዓቴ ሦስት ጊዜ አስፈቱኝ፣ ሦስት ጊዜ አስገጠሙኝ። እንጀራዬ ቀዘቀዘ። አልሰለቸኝም ብል ውሸት ነው።

ሥራ ሲያልቅ ጨርቃቸውን አንስተው እንደ ልማዳቸው «እኔ ሳልኖር…» ብለው ጀመሩ። ቀና ብለው አዩኝና አልጨረሱትም። ጨርቁን አቀበሉኝ።

አውቶቡሱ አመለጠኝ። ይሁን።