የእናቶች ክፍል በሁለተኛው ምዕራፍ

ስለ ወደፊቱ ማሰብ እንዲህ እንደሚያደክም ባውቅ፣ የግቢ ማስፋፊያ ኮሚቴ ውስጥ ግባ ሲሉኝ አሞኛል እል ነበር። የዩኒቨርሲቲያችን ስም ይቅርባችሁ፤ ከአሰላ በባጃጅ ይደረሳል። ሥራችን ግቢው ከሃያ ዓመት በኋላ ምን እንደሚያስፈልገው መገመት ነው። እኔ እኮ የነገ ምሳዬን የማላውቅ ሰው ነኝ።

ሀዊ ነርሲንግ ታስተምራለች። ከወሊድ ፈቃድ በተመለሰች ሰሞን ሕፃን ልጇ አሰላ፣ አማቷ ዘንድ ይውል ነበር። በእረፍት ሰዓት፣ በዚያ ብርድና ዝናብ፣ በባጃጅ ሄዳ አጥብታ ትመለሳለች። ታዲያ በሰዓቱ መድረስ ከየት ይመጣል? ተማሪዎቿ ይጠብቋታል። አለቃዋ አስጠነቀቃት፤ ከደገመች ከሥራ ልትታገድ ነው።

ኮሚቴው ፊት ቀረበችና አንዲት ክፍል ለመነች፤ አማቷ ሕፃኑን ይዘው የሚውሉባት፣ እሷም የምታጠባባት። ሰብሳቢያችን ኢንጂነር ታመነ ክፉ ሰው አይደሉም፤ እቅድ ይወዳሉ እንጂ። የእናቶች ክፍል በሁለተኛው ምዕራፍ እንደሚሠራ በትዕግሥት አስረዷት።

«ጋሼ» አለቻቸው፣ «ሁለተኛው ምዕራፍ እስኪደርስ ልጄ ራሱ እዚህ ተመድቦ ይመጣል።»

ሳቅን። እሷ አልሳቀችም። ዓይኗ እንባ ሲያቀርር ጊዜ ኢንጂነሩ ከቢሯቸው አጠገብ ያለችው ክፍል ትዝ አለቻቸው። ከካርቶን የተሠራው የወደፊቱ ግቢ ሞዴል ብቻውን ተቆልፎባት ነበር። በማግሥቱ የወደፊቱን ግቢ ተሸክመን ኮሪደር ላይ አወጣነው፤ ሀዊ ፍራሽና ማሞቂያ አስገባች። ከዚያ ወዲህ አርፍዳ አታውቅም። እውነት ለመናገር፣ ኮሚቴያችን ከጀመረው ሁሉ ያለቀው ይኸው ብቻ ነው።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። ከበላይ አካል እንግዶች መጡ። ክፍሏን አይተው አደነቁ፤ ከሕፃኑ ጋር ፎቶ ተነሡ። በቀጣዩ ስብሰባ ኢንጂነሩ የእናቶችን ክፍል ከእቅዱ ሰረዙት። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው፣ «አለን እኮ» አሉኝ።

ዛሬ ጠዋት ሳልፍ ሁለት አዲስ እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው የክፍሏ በር ላይ ተራ ይጠብቃሉ። ሀዊ ከውስጥ «መጣሁ፣ መጣሁ» ትላለች። ቆሜ ላዋራቸው ፈልጌ ነበር፤ ግን ስብሰባ ረፍዶብኛል። አጀንዳው የመኪና ማቆሚያ ነው። ከኮሚቴው አባላት መኪና ያለው የለም።